ገንዳ የሚመልሰው ጥያቄና ባሕር የሚመልሰው ጥያቄ

ለተግባር ልምምድ ወደ ሰበታ ለምትመጡ ወጣት የሥነ ሕይወትና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን ዱጎንግና ማናቲ በሚባሉት ሣር በል የውሃ አጥቢ እንስሳት ላይ ለመሥራት እንደሚመኙ ነግረውኛል፤ ጓደኞቻቸውም «ባሕር በሌለው አገር ተቀምጦ የባሕር አጥቢ ማጥናት ምን ይሉታል?» እያሉ እንደሚስቁባቸው ሰምቻለሁ። እኔ አልስቅም። የእነዚህ እንስሳት የቅርብ ዘመዶች ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ሳይሆኑ ዝሆንና በየገደሉ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምታዩት ሽኮኮ ናቸው። ዱጎንግም ቢሆን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ በቀይ ባሕር በኤርትራና በሱዳን ጠረፍ፣ በተለይም በሱዳኑ የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ሣር እየጋጠ ይኖራል። ስለዚህ ምክሬ «ተዉት» የሚል አይደለም። ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ገንዳ ውስጥ ያለው እንስሳ የትኛውን ጥያቄ ሊመልስላችሁ እንደሚችል፣ የትኛውን ደግሞ በዱር ያለው ብቻ እንደሚመልሰው ለይታችሁ እወቁ ነው የምለው።

ይህን የምለው የሥራ ዘመኔን በዓሣ ኩሬ ዳር ስላሳለፍሁ ነው። ኩሬ ውስጥ የተጨናነቀ ቆሮሶ ማደጉን ትቶ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል፤ መረቡ ሲጎተት ከመዳፍ የማትበልጥ እናት አፏን ሙሉ ቢጫ ዕንቁላል ይዛ ትወጣለች። ያችን ዓሣ ለክቶ «የዝዋይ ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው በዚህ መጠን ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ስለ ሐይቁ አንዳች ነገር ሳያውቅ ስለ ኩሬው ጽፏል። በማናቲ ጥናት ላይም ተመሳሳይ ችግር ሲያጋጥም አይቻለሁ፤ ግን እዚያ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

የመስማት ችሎታን እንውሰድ። ጭቃማ ውሃ ውስጥ የተኛ ማናቲ ምን እንደሚሰማ ጠይቃችሁት አይመልስላችሁም፤ ገንዳ ውስጥ ያለው ግን ድምፅ ሲሰማ አንድ ሰሌዳ በአፍንጫው እንዲነካ፣ ሲነካም ምግብ እንዲያገኝ ሊሠለጥን ይችላል። በፍሎሪዳ ኤድመንድ ገርስታይንና ባልደረቦቹ በዚህ ዓይነት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ማናቲ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ከ16 እስከ 18 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ድምፅ እንደሆነና የዝቅተኛ ድግግሞሽ (ወፍራም) ድምፆችን ለመስማት እንደሚቸገር አሳዩ። የጀልባ ሞተር ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጀልባዎች ፍጥነት እንዲቀንሱ ማዘዝ ድምፃቸውን የባሰ ስለሚያጠፋው ለእንስሳው አይጠቅምም የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩን መዳኘት ግን ገንዳው አልቻለም። በኋላ ተመራማሪዎች ድምፅንና እንቅስቃሴን አብሮ የሚመዘግብ መሣሪያ ከዱር ማናቲዎች ጋር አያይዘው ሲከታተሉ፣ እንስሳቱ ጀልባ ሲቀርባቸው አካሄዳቸውን እንደሚለውጡ፣ ዝግ ብሎ የሚመጣ ጀልባም ለመሸሽ ሰፋ ያለ ጊዜ እንደሚሰጣቸው ተረዱ። የመጀመሪያው ልኬት ስሕተት አልነበረም፤ ግን ጆሮ የሚሰማውን መለካት እንስሳው አደጋ ሲመጣ የሚያደርገውን ማወቅ አይደለም።

እኔን እንደ ዓሣ ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የማናቲ ፀጉር ነው። ቆዳው ራቁት ቢመስልም በመላ አካሉ ላይ ተራርቀው የበቀሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፀጉሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ከነርቭ ጋር ተያይዞ እንደ ድመት ጢም ይሠራል። ሮጀር ሪፕ የተባለው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህን ሥርዓት በዓሣ ጎን ላይ ካለው ንቅናቄ የሚለይ መስመር ጋር አመሳስሎታል። በፍሎሪዳ ሳራሶታ በሚገኘው «ሞት» (Mote) በተባለው የባሕር ቤተ ሙከራ ሂዩ እና ቡፌት የተባሉ ሁለት የሠለጠኑ ማናቲዎች ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) በታች የሆነ የውሃ ንቅናቄ እንኳ እንደሚሰማቸው አሳይተዋል። ይህን በዱር ማንም ሊለካው አይችልም ነበር። ሆኖም የመለሱት እንስሳት ሁለት ብቻ መሆናቸውን አትርሱ።

ዱጎንግ ግን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንኳ አይመችም። ምግቡ በአብዛኛው የባሕር ሣር ስለሆነ በገንዳ ማኖር እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ ሁኔታ የኖሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህም አንዷ እ.ኤ.አ. በ1987 ከፊሊፒንስ ወደ ጃፓኑ ቶባ አኳሪየም የተወሰደችው ሴሬና ናት።

ስለ ዕድሜም ብዙ ትሳሳታላችሁ ብዬ እፈራለሁ። ስኑቲ የተባለው ማናቲ እ.ኤ.አ. በ1948 በማያሚ ተወልዶ በ2017 በ69 ዓመቱ ሞተ። ይህ የማናቲ አካል ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል ይናገራል፤ በጀልባ፣ በብርድና በመርዛማ አልጌ መካከል የሚኖረው የዱር ማናቲ ስንት ዓመት እንደሚኖር ግን አይናገርም። የዱሩን ዕድሜ ለማወቅ ሬሳ ያስፈልጋል። የዱጎንግ ዕድሜ በክራንቻው ውስጥ ባሉ ንብርብሮች ይቆጠራል፤ የማናቲ ጥርስ ግን ከኋላ እየበቀለ፣ ወደ ፊት እየተገፋ የሚረግፍ በመሆኑ መዝገብ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የጆሮው አጥንት ይቆረጣል። አንዱ ንብርብር በእርግጥ አንድ ዓመት መሆኑ የተረጋገጠው ደግሞ ዕድሜያቸው በሚታወቅና ቴትራሳይክሊን የተባለ መድኃኒት ተሰጥቷቸው አጥንታቸው ላይ ምልክት በተተወባቸው ማናቲዎች ነው። እኛም በዓሣ የጆሮ ድንጋይ ላይ ይህንኑ እናደርጋለን። ገንዳና ባሕር ሲረዳዱ ማየት የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ።

አሁን ወደ ቆጠራ ልምጣ፤ አብዛኞቻችሁ ብትሠሩት የምመርጠው ይህን ነውና። በአውስትራሊያ በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ሄለን ማርሽ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ዘዴ፣ ከአውሮፕላን ዱጎንግ ሲቆጠር የሚታለፉት እንስሳት በሁለት ተለይተው ይታረማሉ፤ አንደኛው ውሃው ደፍርሶ ወይም እንስሳው ጠልቆ ሊታይ የማይችለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሊታይ እየቻለ ተመልካቹ ያለፈው ነው። ለሁለተኛው ሲባል በአንድ ጎን ሁለት ተመልካቾች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ይቆጥራሉ፤ ለመጀመሪያው ደግሞ በኋላ የዱጎንግ ቅርጽ ያለው ሰው ሠራሽ ነገር ውሃ ውስጥ እየተጠለቀ እስከ ስንት ጥልቀት እንደሚታይ ተፈትሿል። ያላዩትን መገመት እንዲህ ያለ ትጋት ይጠይቃል። ተማሪ ሆኖ ያየውን ብቻ ቆጥሮ ሠንጠረዥ የሚያቀርብ ሰው እስካሁን አልጠፋም።

ቆጠራ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ዱጎንግ ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ቀጣዩን እስክትወልድ ከ3 እስከ 7 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሁኔታው ሁሉ ቢመቻት እንኳ የመንጋው ዕድገት በዓመት ከ5 በመቶ ገደማ አያልፍም። ስለዚህ በሁለት ዓመት ፕሮጀክት «ቁጥሩ ጨመረ» የሚል ሪፖርት ስታነቡ ቀስ በሉ።

ሣሩንም ከእንስሳው እኩል አጥኑ። እ.ኤ.አ. በ2021 በፍሎሪዳ ከ1,100 በላይ ማናቲዎች ሞቱ፤ በኢንዲያን ሪቨር በተባለው ከባሕር ጋር የተያያዘ ሐይቅ አካባቢ ለሞቱት ለብዙዎቹ ምክንያቱ ረሃብ ነበር። ለዓመታት የገባው ፍሳሽና ማዳበሪያ አልጌ አበቀለ፣ አልጌው ብርሃን ከለከለ፣ ብርሃን ያጣው ሣር አለቀ። በብርዱ ወራት ማናቲዎቹን ሰላጣ እስከ መመገብ ተደርሶ ነበር። የአቃቂን ወንዝ ቀለም ለምታውቁና የቆቃን አረንጓዴ ውሃ ላያችሁ የዚህ ሰንሰለት መጀመሪያ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መለካት ደግሞ እዚሁ ትማራላችሁ።

ከአራቱ ዝርያዎች (ሦስቱ ማናቲ፣ አንዱ ዱጎንግ) በጥቂቱ የተጠናው ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ባሉት ወንዞች የሚኖረው የአፍሪካ ማናቲ ነው። ውሃው ደፍራሽ፣ እንስሳውም ዓይን አፋር ስለሆነ ዓሣ አስጋሪዎችን መጠየቅ የምርምሩ አካል ሆኗል፤ ሣር ብቻ ይበላል ሲባል የኖረው ይህ እንስሳ ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳትም እንደሚበላ በአይሶቶፕ ልኬት፣ ማለትም ምግቡ በአካሉ ውስጥ የተወውን ኬሚካላዊ ምልክት በመለካት ታይቷል። ሽማግሌ አስጋሪን አክብራችሁ ስሙት፣ ንግግሩንም በራሱ ቃል ጻፉት።

ፕሮፖዛላችሁን ስታዘጋጁ ስለ ገንዳ እንስሳት ከሆነ ስንት እንደሆኑ፣ እዚያ ተወለዱ ወይስ ተጎድተው መጡ፣ ምን እንደሚመገቡና የውሃቸው ሙቀት ስንት እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ማናቲ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይታመማልና። ስለ ዱር ከሆነ ያላያችሁትን እንዴት እንደምታርሙ ግለጹ። ረቂቁን አነባለሁ፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ግን እኔ ሰፈር ያለው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ወረቀት ይዛችሁ ከምትደክሙ በቴሌግራም ብትልኩልኝ ይሻላል።