አለቃዬና ሹፌራቸው ጡረታ የወጡ ጊዜ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን «ጋሼ፣ ትልቅ ቦታ ላይ የሰራ ሰው ጡረታ ሲወጣ የበለጠ ደስተኛ ይሆናል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥያቄው የድሮ አለቃዬን አስታወሰኝና ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። 60 ሞልቷቸው በወጡ በጥቂት ወር ውስጥ ለጡረታ ፋይላቸው የጎደለ ወረቀት ሊያወጡ ቢሮ መጡ። ድሮ በላንድክሩዘር ሲመጡ እየተሯሯጡ በሚከፍቱላቸው በር ላይ አዲስ ጥበቃ «አባት፣ መታወቂያ» አላቸው፣ ከዛ መዝገብ ቤት በር ላይ ከረባታቸውን አስረው ክላሰራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመው፣ ራሳቸው ፈርመው የቀጠሯቸው ልጆች ሰላም ብለዋቸው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ፣ ወንበር የሳበላቸው የለም። ካፌ ይዣቸው ወረድኩ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ አልነኩትም። «ሰኞ ጠዋት የማኔጅመንት ስብሰባ ሰዓት ሲደርስ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው እንደዛ መሆኑ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሹፌራቸውም በዛው ዓመት ነው የወጡት። ጡረታቸው የአለቃዬን ሩብ አይሆንም፣ ግን ሰፈራቸው የእድር ዳኛ ናቸው፣ ለቅሶ ካለ ድንኳኑ የት ይተከል የሚባለው እሳቸውን ጠይቆ ነው። አለቃዬ ግን ጎረቤታቸውን የሚያውቁት በመኪና መስኮት ነበር። በኋላ ሲታመሙ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዘው የሚጠይቋቸው እኚሁ ሹፌር ነበሩ።

የዘንድሮ ልጆች ሊንክዲን ላይ በሁለት ዓመት ሲኒየር ማናጀር ትሆናላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት በር ያለውን ሰው ስም ግን አታውቁም፣ ይሄ ነገር ያሳስበኛል። እድር የሽማግሌ ነገር አይደለም፣ በ30 ዓመታችሁ ግቡ።

ስልጣን ከንቱ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በጥበቃ ጡረታ ጤፍ መሸመት ምን እንደሆነ አይቻለሁ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ እድር ብቻውን አያስደስትም። ግን ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር መውረዱም ይከፋል፣ ምክንያቱም ጡረታ የሚታሰበው አበል ከማይጨመርበት ከመሠረታዊ ደሞዝ ነው፣ የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ተይዞ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዛ በላይ ላለው በየዓመቱ 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70። 30 ዓመት ብትሰሩ 55 በመቶ ነው። የቤት አበል፣ ነዳጅ፣ የሞባይል ካርድ የሚባለው ሁሉ እዛ ውስጥ የለም፣ ሀብታም ያስመሰላችሁ ግን እሱ ነው። ስለዚህ ቅጥር ስትደራደሩ አበሉን ትታችሁ መሠረታዊ ደሞዙ ላይ ተከራከሩ፣ ፔሮሉ ላይም የጡረታ 7 በመቷችሁ ከየትኛው ብር ላይ እንደተቆረጠ ዛሬውኑ እዩ።