ቁርስ በስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኝ ሆቴል የመስተንግዶ ሠራተኛ ስሆን፣ ለባልደረቦቼ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹን ከአማርኛ ቃል በቃል ብተረጉም ይበቃልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይበቃም። «እንዴት አደሩ?» የሚለው ሰላምታችን እንደ ወረደ ቢተረጎም፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ብቻ የሚጠብቀው እንግዳ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ምርመራ የተያዘበት ይመስለዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሰዓት ነው፤ «ቁርስ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነው» የሚለው በእንግሊዝኛው ከ7 እስከ 10 ተብሎ ካልተጻፈ፣ እንግዳው ምሳ ከተነሣ በኋላ ቁርስ ፍለጋ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት በእያንዳንዱ ንግግር ውስጥ እየለቀሙ ያስተካክሉ።

አነባበቡን በፊደላችን መጻፍ ጀማሪን ይረዳል፤ ሆኖም ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚነገረው የእንግሊዝኛ ድምፅ በፊደላችን ስለሌለ፣ «ማሰብ» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል (think) «ሲንክ» ተብሎ ሲጻፍ «መስጠም» (sink) ይሆናል፤ ለሐይቅ ዳር ሆቴል ደግሞ ይህ ደስ የሚል ቃል አይደለም። እንዲህ ያለውን ቃል ሁሉ በድምፅ ቀድተው ያያይዙ።

የእንግዳውንም መልስ መጻፍዎን አይርሱ፤ ብዙ መጻሕፍት አስተናጋጁን ብቻ ያናግራሉ። ከመታተሙ በፊትም ሁለት ባልደረቦችዎ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው አስተናጋጅ ሆነው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የተደናቀፉበትን ዐረፍተ ነገር ያሳጥሩት።