በሩ ለምን አረፋ አወጣ? የዝገትና የቀለም ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ብረት ዝገትና ስለ መከላከያ ቀለም ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን ለዚህ እትም መርጠናል። አብዛኞቹ «የትኛውን ቀለም ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን ስንመልስ ደጋግመን ወደ ቀለሙ ሥር ወርደናል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ የግቢዬ በር ከላሜራና ከአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የተሠራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንቲረስት (ከሥር የሚቀባ የዝገት መከላከያ) እና የዘይት ቀለም አስቀብቼዋለሁ። አሁን ከታች በኩልና ብየዳው አካባቢ አረፋ አውጥቷል፤ አረፋውን ስጭነው ቡናማ ውኃ ይወጣዋል። የተሸጠልኝ ቀለም የውሸት ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አረፋው በሩ ላይ ሁሉ እኩል ተበትኖ ቢሆን ኖሮ እኛም ቀለሙን እንጠረጥር ነበር። ከታችና ከብየዳው ዙሪያ ብቻ መውጣቱ ግን ብረቱ ከመቀባቱ በፊት እንዳልጸዳ፣ አንዳንዱም ቦታ ጭራሽ ቀለም እንዳልደረሰው ያሳያል።

ቀለም እርጥበትን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም። ከሥሩ ጨው፣ የእጅ ላብ ወይም የብየዳ ጥላሸት ከቀረ፣ እነዚህ በቀለሙ ውስጥ ያለፈውን እርጥበት ወደ ራሳቸው ስበው ይሟሟሉ፤ ውኃው ሲጠራቀም ቀለሙ ያብጣል። ጥቁር ላሜራ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ሰማያዊ የሚመስል ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይመጣል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ቅርፊት ጤናማ ብረት ነው ብሎ በላዩ ይቀባል። ቅርፊቱ ግን ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባና ከሥሩ ያለው ብረት ቅርፊት ከሌለው ብረት በባሰ ፍጥነት ይበላል። ሲረግፍም ቀለሙን ይዞት ይረግፋል።

ሦስተኛው ምክንያት አሠራሩ ነው። ላሜራው ከአርኤችኤሱ ጋር የተያያዘው እዚህም እዚያም በነጥብ ብየዳ ከሆነ፣ በመካከል የቀረው ቀጭን ክፍተት የዝናብ ውኃ ይዞ ይከርማል። ዝገት ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን እየገፋ ይከፍተዋል። የበሩን የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ በሩ ከተሰቀለ በኋላ ማንም ጎንበስ ብሎ አይቀባውም።

ጥገናው እንዲህ ይሁን። ያበጠውንና የላላውን ቀለም በስክራፐር ያንሱ፤ ቀለሙ ከብረቱ ጋር አጥብቆ የያዘበት እስኪደርሱ ድረስ አያቁሙ። የዛገውን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወይም በግራይንደር ብሩሽ ያጽዱ። የብየዳውን ቅርፊትና ፍንጣሪ በመዶሻ ያራግፉ። የአሮጌውን ቀለም ጠርዝ በ120 ቁጥር አለስልሱት፤ እንደ ደረጃ ከቆመ አዲሱ ቀለም እዚያ ላይ ይሳሳል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ውኃ እያስነኩ ይፈግፍጉት፤ አቧራው እንዳይነሳ፣ ሕፃናትም በአካባቢው እንዳይኖሩ።

ከዚያ በሳሙናና በውኃ አጥበው ያድርቁና በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ አንዱ ጨርቅ ከቆሸሸ በኋላ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ከማዞር በቀር ጥቅም የለውም። በነጭ ጋዝ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክረውም፤ ሲደርቅ ስስ ቅባት ይተዋል፣ ቀለሙም በዚያ ቅባት ላይ ያርፋል። የተጸዳው ብረት አንድ ሌሊት ሳያድር አንቲረስት ይቀባ።

የቀኑን ሁኔታም ይዩ። ብረቱ አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት የሙቀት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ የአየሩም እርጥበት ከ85 በመቶ በታች ይሁን። መለኪያ ከሌለ በረጠበ ጨርቅ ብረቱ ላይ አንድ መስመር ያብሱ። መስመሩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ቀለሙን አይክፈቱ። በክረምት፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ነው።

አሁን ስለ መጠኑ። 3 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ በር ሁለቱ ፊቱና የክፈፉ ጎን ተደምሮ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በይዘት 45 በመቶ ጠጣር (ሲደርቅ ብረቱ ላይ የሚቀረው ክፍል) ያለው አንቲረስት ሲደርቅ 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) እንዲሆን ከተፈለገ፣ በሂሳብ 1 ሊትር 11 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በብሩሽ ሲሠራ ብክነቱ ተቀንሶ 9 ቢሉት ይሻላል። ስለዚህ ለሁለት ዙር 3.8 ሊትር ያስፈልጋል። ቀቢው ከ4 ሊትሩ ግማሹን አትርፌያለሁ ካለዎት በሩ ላይ ያለው ቀለም ግማሽ ነው። ቲነር ማብዛትም ያው ነው፦ በ1 ሊትር ላይ 300 ሚሊ ሊትር ከተጨመረ፣ እርጥቡ 90 ማይክሮን ሆኖ የተቀባው ሲደርቅ 40 መሆኑ ቀርቶ 31 ይሆናል። ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

ሙሉውን ከመቀባትዎ በፊት ጠርዞችን፣ ብየዳዎችንና ማጠፊያዎችን በብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻቸውን ይቀቡ። ፈሳሽ ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ ወደኋላ ስለሚሸሽ ዝገት ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ይጀምራል። ክፍተቱን ከመጀመሪያው አንቲረስት በኋላ ቀለም በሚቀበል ማሸጊያ ይድፈኑ፤ አዲስ በር የሚያሠሩ ከሆነ ግን ብየዳው ሳይቋረጥ እንዲሄድ ያስገድዱ። ዝገትን የሚያጠቁሩ ፈሳሾች (ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያላቸው) የሚጠቅሙት አጥብቆ ለያዘ ስስ ዝገት ነው። ሲነኩት በሚረግፍ ዝገት ላይ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደተመታ በዘይት ቀለም አስቀባን። ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ግን አልዛገም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቆርቆሮው አለመዛጉ ምክንያቱን ይነግረናል። ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ከዘይት ቀለም ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች ጋር ይዋሃድና በመካከላቸው ስስ የዚንክ ሳሙና ይፈጥራል። ሳሙና ላይ የተለጠፈ ነገር አይቆይም። ቀለሙ ውድም ይሁን ርካሽ፣ መደበኛ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ከተቀባ መጨረሻው ይኸው ነው። በተጨማሪም አዲስ ቆርቆሮ በመጋዘን ነጭ ዝገት እንዳያወጣ ፋብሪካው ዘይት ወይም ስስ የኬሚካል ልባስ ያደርግበታል፤ ይህም ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል።

የተላጠውን ሁሉ በግፊት ውኃና በፕላስቲክ መፈግፈጊያ ያንሱ። የሽቦ ብሩሽ በማሽን አይጠቀሙ፤ ዚንኩን ይጨርሰዋል። ከዚያ ከ1 እስከ 2 በመቶ አሞኒያ ባለው ውኃ በናይለን ብሩሽ አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ። ሲደርቅ ለጋልቫናይዝድ (ዚንክ ለተለበጠ ብረት) የተዘጋጀ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ ቀለም)፣ ወይም ባለ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀቡ። ኢፖክሲ ግን ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጠመኔ ይበናል። በከፍታችን የሚወርደው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ብርቱ ነውና በላዩ ፖሊዩረቴን ወይም አክሪሊክ መደረብ ግዴታ ነው። ሙሉውን ከመቀባትዎ በፊት አንድ ክንድ ያህል ቦታ ቀብተው ሳምንት ያቆዩ። ከዚያ በምላጭ በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት 6 መስመር በቁመት፣ 6 በአግድም ጭረው፣ ፕላስተር ለጥፈው በኃይል ይንቀሉ። ካሬዎቹ አብረው ከተነሱ ዝግጅቱን ይድገሙ።

ያልጠየቁን ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነውና። ቆርቆሮ የሚገዛው በጌጅ ነው፤ ጌጅ የብረቱን ውፍረት እንጂ የዚንኩን መጠን አይናገርም። ሻጩን «ዚንኩ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው?» ብለው ይጠይቁ። በሁለቱም ፊት ተደምሮ 275 ግራም ያለው በአንድ ፊት 19 ማይክሮን ገደማ ዚንክ አለው፤ 100 ግራም ያለው 7 ማይክሮን ብቻ። መጠነኛ ብክለት ባለበት ከተማ ዚንክ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ይቀንሳል። ወፍራም ብረት በስስ ዚንክ ከመግዛት ቀጭን ብረት በወፍራም ዚንክ እንመርጣለን። ጣሪያ ላይ በግራይንደር መቁረጥም ይቅር። ፍንጣሪው ዚንኩን አቃጥሎ ይጣበቅና ከአንድ ዝናብ በኋላ ጣሪያው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የቅጠል ጭማቂ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ የብረትን መበላት ምን ያህል እንደሚቀንስ እየለካሁ ነው። ውጤቴ በየሙከራው ይለያያል፤ ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ የቢከርዎን መጠን ይመልከቱ። 2.5 በ2 በ0.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ስድስቱም ፊቱ ሲደመር 11.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ 240 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በ100 ሚሊ ሊትር የሚሠራ ሰው የሚለካው እየተዳከመ የሚሄድ አሲድ ነው፤ ጭማቂ ያልተጨመረበት ናሙና ብዙ ብረት ስለሚሟሟበት ይበልጥ ይጎዳል፣ ንጽጽሩም ይዛባል።

ሁሉንም ናሙና ከአንድ ላሜራ ይቁረጡ፤ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እስከ 600 ቁጥር ይፈግፍጉ፤ በአሴቶን አጥበው ያድርቁ፤ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑ። ለእያንዳንዱ መጠን ሦስት ናሙና ይኑር። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንኳ እንዳይዋዥቅ ሙቀቱን እኩል በሚይዝ የላብራቶሪ የውኃ ገንዳ ውስጥ ያቆዩት፤ ክፍሉ ሌሊት ከቀዘቀዘ ውጤቱም አብሮ ይወርዳል። ጭማቂው ይበላሻል፤ በየሙከራው አዲስ ያዘጋጁ ወይም አድርቀው በዱቄት ያስቀምጡ።

ስሌቱ ይህ ነው፦ በዓመት የሚበላው ሚሊ ሜትር = 87,600 × የቀነሰው ግራም ÷ (7.86 × ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር × ሰዓት)። በ24 ሰዓት 0.1500 ግራም ከቀነሰ 5.9 ሚሊ ሜትር በዓመት ይሆናል። ጭማቂ ባለበት 0.0240 ግራም ከሆነ 0.94፤ የመከላከል አቅሙም 84 በመቶ ነው። ናሙናውን ሲያጸዱ ጤናማ ብረትም ስለሚቀነስ፣ አሲድ ያልነካውን አንድ ናሙና በዚያው መንገድ አጽድተው የቀነሰውን ከሁሉም ላይ ያንሱ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንነግርዎታለን። በአሲድ የተገኘ 84 በመቶ ስለ ጣሪያ ወይም ስለ በር ምንም አያረጋግጥም። በአሲድ ውስጥ ብረቱን የሚያስበላው ሃይድሮጂን ነው፤ በዝናብ ውኃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ነው። የእርስዎ ውጤት የሚያገለግለው ብረትን በአሲድ ለሚያጸዱ ፋብሪካዎች ነው፤ መደምደሚያዎን እዚያ ላይ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ በቤቴ የመዳብ ቧንቧ ከጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጋር በተገናኘበት በኩል ጋልቫናይዝዱ ይበሳል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውኃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ያስበላል፤ እዚህ ተበዪው ዚንኩ፣ ቀጥሎም ብረቱ ነው። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማገናኛ ያስገቡ። ውኃው መጀመሪያ በጋልቫናይዝዱ፣ ቀጥሎ በመዳቡ እንዲያልፍ ያድርጉ። ተቃራኒው ከሆነ ከመዳብ የተሟሟው ጥቂት መዳብ ጋልቫናይዝዱ ውስጥ ያርፍና፣ ከማገናኛው ርቆም ቢሆን ይበሳዋል።

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ። የመኪናውን ሻንሲ በተቃጠለ ዘይት መቀባት ከጨው ያድነዋል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ለጥቂት ጊዜ ውኃ ይከለክል ይመስላል፤ ግን የተቃጠለ ዘይት ራሱ አሲድና ውኃ አለው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል፣ ሲንጠባጠብም አፈሩን ይበክላል። የባሕር ጨው ማግኒዝየም ክሎራይድ ስላለበት ከ35 በመቶ ባነሰ የአየር እርጥበት እንኳ ውኃ ይስባል፤ ስለዚህ ደረቅ የሚመስለው ሻንሲ ከሥሩ እርጥብ ነው። ከወደብ በተመለሱ ቁጥር በንጹሕ ውኃ ከታች ወደ ላይ ያሳጥቡት፤ በተለይ የሻንሲውን ውስጠኛ ክፍል፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎችንና የጭቃ መከላከያውን ሥር። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ በሽቦ ይክፈቷቸው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ የተላጠውን አጽድተው ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀቡ፤ ባዶ ለሆኑት ክፍሎች በሰም የተዘጋጀ መከላከያ በረዥም ቱቦ ያስረጩ። ጨው ሳይታጠብ የተረጨ ሰም ጨውን ከብረቱ ጋር ያሽገዋል፤ እጥበቱ ካልተሟላ ርጭቱን ለሌላ ቀን ያቆዩት።