ስለ ደም መርጋት ጠይቁ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይመልሳል

የደም መርጋት ምርመራ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አስቀድሜ የምለው፦ የእኔን መልስ አንብቦ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚያቆም እንዳይኖር።

ሰብለ፦ ጣት ሲቆረጥ ደሙ በራሱ የሚቆመው እንዴት ነው?

መልስ፦ የተቆረጠው የደም ሥር ወዲያው ይጠብባል። ፕሌትሌቶች (በደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋስ መሰል አካላት) ቁስሉ ላይ ተለጥፈው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ይህ ብቻውን አይጸናም። የአርጊ ፕሮቲኖች (ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች) ሰንሰለት ትሮምቢን የተባለውን ፕሮቲን ያስገኛል፤ ትሮምቢን በደም ውስጥ የሟሟውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጣል፤ ክሩም የፕሌትሌቶቹን ክምር አስሮ ያጸናዋል። ቁስሉ ሲድን ፕላዝሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ክሩን ያሟሟዋል።

የአዳማው፦ የቡና ዱቄት ቢነሰነስበት ግን ቶሎ ያቆማል።

ማርታ፦ የተቆላው ነው ጥሬው?

የአዳማው፦ የተቆላው። እኛ ቤት ሁሌም እንዲያ ነው።

መልስ፦ የተቆላም ጥሬም አይነስነስ፤ ቁስል ያቆሽሻል። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ሳትገልጡ ተጫኑት።

ትዕግሥት፦ እናቴ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላቸው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመን ይከልከሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጉበት 2ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን የአርጊ ፕሮቲን ለሥራ የሚያበቃው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን የቫይታሚኑን ዳግም አገልግሎት ይዘጋል፤ ጎመን ደግሞ ቫይታሚኑን ያስገባል። ስለዚህ በጾም ጎመን ሲበዛ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ይወርዳል፤ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋ፣ ስትሮክም ሊያመጣ ይችላል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ሲቀር ቁጥሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ድድና አፍንጫ መድማት ሊጀምር ይችላል። ጎመን አይከልከሉ፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑን ተቀራራቢ ያድርጉት። አመጋገባቸው የሚለወጥ ከሆነ ለሐኪማቸው ነግረው ቶሎ ይመርመሩ። ከመድኃኒት ቤት በራስ የሚገዛ ሜትሮኒዳዞል (የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት) ደግሞ ከጎመን የባሰ ጠንቅ ነው፤ የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታል።

የአዳማው፦ ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው ይባላል። ለእናት ይሰጣል?

ማርታ፦ ሰው አታስፈራራ!

መልስ፦ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ወጥቶ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ የምንለካውም ለዚህ ነው። ደግሜ እላለሁ፦ በራሳችሁ አታቁሙ።

ዳዊት፦ ነስርስ?

መልስ፦ ወደ ፊት አጎንብሶ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ መቆንጠጥ። ራስን ቀና ማድረግ ደሙ ወደ ጉሮሮ ወርዶ እንዲዋጥ ያደርጋል።

ሰብለ፦ ስለዚህ ጎመን ክልክል ነው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አንብቢው።

ዮናስ፦ ደሜ ቀጭን ነው ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማን አለህ? በየትኛው ምርመራ? የፕሌትሌት ቁጥር ነው፣ አይኤንአር ነው፣ ወይስ የደም ማነስ? የውጤት ወረቀቱን ይዘህ ወደ ሐኪምህ ሂድ።