ስክሪን የሚሞላ የዌብ ካርታ፦ ጥያቄና መልስ

መሃል አዲስ አበባን፣ ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን፣ በዌብ ካርታ ለሚሠሩ ሰዎች ጥያቄ ክፍት ነው ተብሎ የመጡት እነዚህ ናቸው። የኮድ ስሞችን እንደ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትጠቀሙባቸው ወደ ላቲን መልሷቸው።

ጥያቄ፦ የታክሲ መስመሮችን በሊፍሌት (የዌብ ካርታ መሥሪያ የኮድ ላይብረሪ) እየሠራሁ ነው። ካርታው ለሚቀመጥበት ዲቭ (የገጹ ሳጥን) ቁመት 100 ፐርሰንት ሰጠሁት፤ ገጹ ግን ባዶ ነጭ ነው። የብሮውዘሩ ስህተት ማሳያ፣ ኮንሶሉ ላይም ምንም ስህተት አይታይም።

መልስ፦ 100 ፐርሰንት የምን? የወላጁ ነው። የዲቩ ወላጅ ቦዲ ነው፣ የቦዲ ወላጅ ደግሞ ኤችቲኤምኤል። ሁለቱም ቁመት ካልተሰጣቸው በውስጣቸው ባለው ነገር ልክ ነው የሚሆኑት። ካርታው ወላጁን ይጠብቃል፣ ወላጁ ካርታውን ይጠብቃል፣ ድምሩ ዜሮ። ኢንስፔክት አድርገህ ዲቩን ብትመርጠው ቁመቱ 0 ፒክሰል ሆኖ ታገኘዋለህ። ለብሮውዘሩ ይህ ስህተት አይደለም፣ ስለዚህ ኮንሶሉ ዝም ይላል።

ለኤችቲኤምኤልም፣ ለቦዲም፣ ለካርታውም 100 ፐርሰንት ስጥ። ገጹ የተሠራው በሪአክት (የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) ከሆነ «ሩት» የሚባለው ዲቭም መሃል ላይ አለ፤ እሱን ከዘለልከው ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አለበለዚያ ወላጆቹን ተዋቸውና ካርታውን በቀጥታ ከስክሪኑ ጋር እሰረው፦ 100 ቪኤች፣ ማለትም የስክሪኑ ሙሉ ቁመት። በሁለቱም መንገድ የቦዲን ማርጂን (የዳር ክፍተት) 0 ማድረግ አትርሳ። ብሮውዘሮች ሳይጠየቁ በየጎኑ 8 ፒክሰል ይሰጡታል፤ ከላይና ከታች ሲደመር ገጹ በ16 ፒክሰል ይረዝምና የማያስፈልግ ስክሮል ባር ይመጣል።

ካርታው መጥቶ ታይሎቹ (ካርታው የሚገጣጠምባቸው አራት ማዕዘን ቁራጮች) እንደተበተነ የመጫወቻ ካርታ ከሆኑ ግን ችግሩ ቁመት አይደለም፤ የሊፍሌት ሲኤስኤስ ፋይል አልተጫነም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ልክ ነው። ስልክ ላይ ግን ታች ያለው «ያለሁበት ቦታ» የሚለው ቁልፍ ግማሹ ከስክሪኑ ይወጣል።

መልስ፦ 100 ቪኤች ስልክ ላይ የሚለካው የአድራሻ አሞሌው ተደብቋል ብሎ ነው። አሞሌው ሲታይ ገጹ ከሚታየው ቦታ ይረዝማል፣ ታች ያለው ይቆረጣል። 100 ዲቪኤች ጻፊ፤ እሱ አሞሌው ሲመጣና ሲሄድ አብሮ ይለካል። ክሮም፣ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ከ2022 ጀምሮ ያውቁታል። ለቆዩ ስልኮች 100 ቪኤች የሚለውን መስመር ከላይ ተዪው፣ ዲቪኤቹን ከስሩ ጨምሪ፤ የማያውቀው ብሮውዘር ሁለተኛውን ይዘለዋል።

ጥያቄ፦ የጎን ፓነሉን ስዘጋ ካርታው ይሰፋል፤ የተጨመረው ቦታ ግን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የብሮውዘሩን መስኮት ትንሽ ሳሰፋው ወይም ሳጠበው ይሞላል።

መልስ፦ ሊፍሌት የተቀመጠበትን ዲቭ ለክቶ መጠኑን ይይዛል። የብሮውዘሩ መስኮት ሲሰፋ ሲጠብ ይሰማል፤ ፓነል ሲከፈትና ሲዘጋ ግን መስኮቱ አልተነካም፣ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም። በአሮጌው ስፋት ታይል ይጠይቃል፣ ቀሪው ግራጫ ይሆናል። «ኢንቫሊዴትሳይዝ» ብለህ ጥራው። እንደ ሊፍሌት ካርታ መሥሪያ በሆኑት በሌሎቹም አለ፤ ማፕሊብሬ ላይ «ሪሳይዝ»፣ ኦፕንሌየርስ ላይ «አፕዴትሳይዝ» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ፓነሉ በ300 ሚሊሰከንድ የሚንሸራተት ከሆነ ቁልፉ እንደተነካ ብትጠራው የሚለካው አሮጌውን ስፋት ነው። አኒሜሽኑ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያም የሚሻለው ሪሳይዝ ኦብዘርቨር (የመጠን ለውጥን የሚከታተል የብሮውዘር መሣሪያ) በካርታው ዲቭ ላይ አስሮ መገላገል ነው፤ ማንም ምንም ቢከፍት እሱ ይነግርሃል። በተደበቀ ታብ ውስጥ የተፈጠረ ካርታም ሕመሙ ይኸው ነው፦ ሲለካ 0 በ0 ነበር።

ጥያቄ፦ ሜኑዬ ከማጉያ ቁልፎቹ ስር ይደበቃል። ዜድ ኢንዴክስ (የትኛው ከላይ እንደሚሆን የሚወስነው ቁጥር) 10 ሰጥቼዋለሁ።

መልስ፦ የሊፍሌት ቁልፎች የሚቀመጡባቸው ማዕዘኖች 1000 ናቸው። 1001 ብትሰጪው ይሠራል፤ ንጹሁ መንገድ ግን ለካርታው ዲቭ «አይሶሌሽን፦ አይሶሌት» መስጠት ነው። ያኔ የውስጥ ቁጥሮቹ ውስጥ ይቀራሉ፣ ለሜኑሽ 1 ይበቃዋል። ሜኑውንም ከካርታው ዲቭ ውጪ አድርጊው፤ ውስጥ ካስገባሽው በሜኑው ላይ ስክሮል ሲደረግ ካርታው ዙም ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ከመስቀል አደባባይ አራት ኪሎ ያለውን መስመር «ፊትባውንድስ» (ሁሉም በስክሪኑ እንዲገባ) አድርጌ አሳያለሁ። ስልክ ላይ ከታች የሚወጣው የመረጃ ፓነል መስቀል አደባባይን ይሸፍነዋል። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን በቁጥር እንየው። ሁለቱ ቦታዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ዙም 15 ላይ አንድ ፒክሰል 4.7 ሜትር ያህል ነው፤ መስመሩ ወደ 530 ፒክሰል ይሆናል። ዙም 14 ላይ ግማሹ፣ 265።

ስክሪንህ 360 በ640፣ ፓነሉ 280 ፒክሰል ቁመት አለው እንበል። ሊፍሌት ፓነሉን አያውቀውም፣ 640ው ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። 530 በ640 ውስጥ ይገባል ብሎ ዙም 15 ይመርጣል፣ መሃል ላይም ያስቀምጠዋል፦ አራት ኪሎ ከላይ 55ኛው ፒክሰል፣ መስቀል አደባባይ 585ኛው ላይ። ፓነሉ ደግሞ ከ360 ጀምሮ ይሸፍናል። የጠፋው ለዚህ ነው።

የተሸፈነውን ንገረው። «ፓዲንግቦተምራይት» 20 እና 300 (ወደ ጎንና ወደ ቁመት)፣ ከላይ የፍለጋ ሳጥን ካለህ «ፓዲንግቶፕሌፍት» 20 እና 60 ስጥ። ከ640ው ቁመት 300 እና 60 ሲቀነስ የቀረው 280 ፒክሰል ነው፤ 265 ይገባል፣ ዙም 14 ይመረጣል፣ ሁለቱም ጫፍ ይታያል። ቁጥሩን ግን ኮድ ውስጥ አትቸንክር፤ የፓነሉን ቁመት በየጊዜው ለክተህ አስገባ። የአማርኛ ጽሑፍ አንድ መስመር ቢጨምር ፓነሉ ያድጋልና።

ማፕሊብሬ ላይ ፓዲንጉ በአራት ስም ይሰጣል፦ ቶፕ፣ ቦተም፣ ሌፍት፣ ራይት። የዙም ቁጥሩም በአንድ ያንሳል፤ መሠረቱ 512 ፒክሰል ታይል ስለሆነ የሊፍሌት 14 እዚያ 13 ነው። ከሊፍሌት ወደ ማፕሊብሬ የሚቀይር ሰው «ካርታው ለምን ቀረበ?» ሲል የሚከርመው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ማፕሊብሬ ላይ መስቀል አደባባይን ባስገባ ባሕር ያሳየኛል።

መልስ፦ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ነዎት። ሊፍሌት ኬክሮስን ያስቀድማል፦ 9.01፣ 38.76። ማፕሊብሬ ኬንትሮስን፦ 38.76፣ 9.01። ያገላብጡት።

ጥያቄ፦ የቦታ ስሞች በአማርኛ እንዲወጡ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ታይሎችሽ የምስል ከሆኑ አይቻልም፤ ስሙ ሥዕሉ ላይ ታትሟል። የቬክተር ታይል (ስሙን እንደ ዳታ ለብቻው የሚይዝ) ያስፈልግሻል። ነጻ የካርታ ዳታ በሆነው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የአማርኛው ስም «ኔም፦ኤኤም» በሚል መለያ ይቀመጣል። ስታይሉ ላይ በ«ኮአሌስ» መጀመሪያ እሱን፣ ከሌለ ተራውን ስም እንዲወስድ አድርጊ፤ አለበለዚያ ያልተተረጎመው ቦታ ሁሉ ስም አልባ ይሆናል። አቅራቢሽ መለያውን ታይሉ ውስጥ ማካተቱንም አስቀድመሽ እዪ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊደሉ ካልወጣ ፎንቱ ነው። ፎንቱ በ256 ፊደል እየተቆረሰ ነው የሚጫነው፤ የእኛ ከ4608 እስከ 4863 እና ከ4864 እስከ 5119 ባሉት ሁለት ፋይሎች ላይ ነው። የብሮውዘሩ ኔትወርክ ታብ ላይ 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ካየሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያካተተ የፎንት ስብስብ ራስሽ አዘጋጅተሽ ማስቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ታች ያለችውን የኦፕንስትሪትማፕ ጽሑፍ ባጠፋት ችግር አለው? ፓነሉ እንደሆነ ይሸፍናታል።

መልስ፦ አለው። የዳታው ፈቃድ ምንጩ እንዲጠቀስ ይጠይቃል፣ በፓነል መሸፈንም ከማጥፋት አይሻልም። ስልክ ላይ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ውሰዳት፤ ሊፍሌት ላይ «ፖዚሽን፦ ቶፕራይት» የምትል አንዲት ቃል ናት።