ጣና አልደረቀም፤ ስልካችሁን አስተካክሉ

ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ባሕር ዳር የተመለስኩ ሰው ነኝ። ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ቪዛና ስለ ሥራ የማወራ ይመስላቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፦ ውጭ ሆናችሁ የአገር ቤት ወሬ የምትሰሙበት መንገድ።

1. ወረቀት። ፓስፖርታችሁን ጊዜው ሳያልፍ አድሱ፤ የሰነዶቻችሁን ፎቶ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ጨረስኩ።

2. የዜና ማንበቢያ። አርኤስኤስ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ሲያወጣ ርእሱን፣ ቀኑንና አድራሻውን አንድ ፋይል ላይ ያሰፍራል። ፊድ የሚሉት እሱን ነው። ማንበቢያው እናንተ የመረጣችኋቸውን ፊዶች እየዞረ ይለቅምና አንድ ቦታ ይደረድርላችኋል። ማን ይግባ ማን ይውጣ የምትሉት እናንተ ናችሁ።

መቼም አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አታነቡም። ባቡር ላይ በስልክ፣ እረፍት ሰዓት በላፕቶፕ፣ ማታ በታብሌት ነው። ስለዚህ ሲንክ የሚያደርግ ምረጡ። ስልክ ላይ ያነበባችሁት ላፕቶፑ ላይም የተነበበ ሆኖ መገኘት አለበት። ይህ የሚሆነው ያነበባችሁትን ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ የአፑ ኮምፒውተር፣ ሲመዘግብላችሁ ነው። ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ አፕ፣ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ስልክ ላይ ሁለት ዜና አንብቡና ላፕቶፑን ክፈቱ። እንዳልተነበቡ ሆነው ከጠበቋችሁ ያንን አፕ ተዉት።

ኢኖሪደር የሚባለው ማንበቢያ በነፃ 150 ምንጭ ይፈቅዳል፤ ፊድሊ 100፣ ኒውስብለር 64። ለአገር ቤት ወሬ ከበቂ በላይ ነው። ሦስቱም በድረ ገጽም በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራሉ። ያላችሁ ሁሉ የአፕል ዕቃ ከሆነ ኔትኒውስዋየር ነፃ ነው፣ በአይክላውድ ሲንክ ያደርጋል፤ አንድሮይድ ላይ ግን የለም። ኮምፒውተር የሚገባው ሰው ፍሬሽአርኤስኤስን በራሱ ሰርቨር ላይ መጫን ይችላል። የትኛው ይበልጣል እያላችሁ ወር አትፍጁ፣ አንዱን ያዙ። ብቻ የምንጮቻችሁን ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባለው ፋይል አውጥታችሁ መውሰድ መቻላችሁን እዩ። ጉግል ሪደርን የሚያህል ማንበቢያ እንኳ በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ያን ጊዜ ዝርዝሩን በእጁ የያዘ ሰው ሌላው ማንበቢያ ላይ ጭኖ ንባቡን ቀጠለ።

3. አሁን ወደ ጉዳዬ። ጎረቤቴ አንድ እናት አሉ፤ ልጃቸው ውጭ ነው። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሌሊት ደወለ። «እማዬ፣ ጣና አለቀ አሉ!» አረንጓዴ የለበሰ ሐይቅ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው። እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም እውነት ነው፤ ጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን የሚበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ በደቡቡ ጫፍ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም እንቦጩ ይስፋፋል፣ የዱሮው ፎቶም አብሮ ይነሣል። ቀን የለበትም፣ ማን እንዳነሣው አይታወቅም። እትዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ስለ ሐይቁ አልነበረም፤ «ልጄ ምን ቢነካው ነው በዚህ ሰዓት የሚደውል?» እያሉ ነው ያነጉት።

ችግር የለም አላልኩም። አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ ያለነው የሚሆነውን በዓይናችን እያየን መጻፍ አልቻልንም። እዚያ ውጭ ያለው ግን ቀን ከሌት ላይቭ ይገባ ነበር። የሌላ ከተማ፣ የሌላ ዓመት ቪዲዮ «ዛሬ ባሕር ዳር» ተብሎ ይለጠፋል። እናንተም ታጋሩታላችሁ። በዚያ ላይ ገንዘብ! ፊቱን አይታችሁት የማታውቁት ሰው «አሁኑኑ ላኩ» ሲል ትልካላችሁ። የእናታችሁ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፤ ለእሱ «በሚቀጥለው ወር» ትላላችሁ። ስድብ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ።

ፌስቡክና ቲክቶክ የሚያስቀድሙት ብዙ ሰው የተንጫጫበትን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ቪዲዮ ከዛሬው ዜና በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ማንበቢያው ግን ምንጩንና ቀኑን ከርእሱ ጎን ያስቀምጣል፣ አዲሱን ከላይ ያደርጋል። ውሸታም ምንጭን እውነተኛ አያደርገውም፤ ማን መቼ እንዳለው ግን ታዩታላችሁ። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

«የአገር ቤት» የሚል ፎልደር ክፈቱ። አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ የክልሉ መንግሥት ሚዲያ መሆኑን እያወቃችሁ ያዙት። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ቢቢሲ አማርኛን ጨምሩ፣ ዶይቸ ቬለ አማርኛንም። አንዱ ብቻ ያለውን ነገር ሌላው እስኪለው ታገሡ፤ ለእናታችሁ ከመደወላችሁ በፊት ማለቴ ነው። የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ አለው። የቻናሉን አድራሻ ገልብጣችሁ ማንበቢያው ላይ ስትለጥፉት ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል። የፌስቡክ ገጽ ግን ፊድ አይሰጥም። ይቅርባችሁ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ከውጭ በደወልኩ ቁጥር የጥሪውን ግማሽ የሚበላው «እንዲህ ሆነ አሉ፣ እውነት ነው?» ነበር። እሷ ስለ ቡናዋና ስለ ጉልበቷ ልታወራኝ ትፈልግ ነበር። ይቆጨኛል።

ያልተነበበው ሲከመር አትጨነቁ። ሁሉንም እንደተነበበ የሚቆጥር ቁልፍ አለ። ስልክ ላይ ስትጫኑት ላፕቶፑም ላይ ይጸዳል። ዝርዝሩን ግን በየወሩ ፈትሹት። ቀን የማይጽፍ፣ ከየት እንዳመጣው የማይናገር ቻናል ካለ አውጡት፣ የአክስታችሁ ልጅ ቻናል ቢሆንም። ቅር ካለው እኔ መከርኳችሁ በሉት።