ለወጣት ተወዛዋዦች፦ ከሂሎ መድረክ የተማርሁት

ልጆቼ፣

ለውድድር መዘጋጀት መጀመራችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ውዝዋዜን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሠለጠንሁ ሰው እንደመሆኔ ስለ ትከሻና ስለ አንገት ብዙ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ሕዝብ ጭፈራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሜሪካ የምትኖረው ልጄ፣ በሃዋይ ደሴቶች በየዓመቱ የሚካሄደውን፣ ሁላ የተባለውን የአገሩን ባህላዊ ጭፈራ ውድድር ከፍታ አሳየችኝ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ እርሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ስመለከት ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ የሙዚቃ መሣሪያው ማነስ ነው። ካሂኮ በሚባለው ጥንታዊው ሁላ፣ መምህሩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከሁለት ቅሎች ተገጣጥሞ የተሠራውን ኢፑ ሄኬ የተባለ መሣሪያ በመዳፉ እየመታ ያዜማል፤ ተወዛዋዦቹም ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጭፈራው እስኪያልቅ ቀና ሳይሉ፣ የሚዜመውን ቃል በእጃቸው ይከተላሉ። ሜሌ የሚሉት ግጥም ከሌለ ሁላ የለም። እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ የሚወርደው ግጥሙ ዝናብን ስለጠራ እንጂ እንቅስቃሴው ስለሚያምር አይደለም።

እኔ በሥራ ዘመኔ የዚህን ተቃራኒ አድርጌአለሁ። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ያሳዩንን ጭፈራ ለመድረክ እንዲመች አሳጥሬ፣ ረድፉን አስተካክዬ፣ ልብሱን አሳምሬ ብዙ ጭብጨባ አገኘሁበት፤ ስንኙ ስለ ማን እንደተባለ፣ ለሠርግ ይሁን ለሌላ ነገር ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ገና ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እርሳቸው በሕይወት የሉም፤ ያሳዩን እንቅስቃሴ በእጄ ቀርቷል፣ የሚናገረው ነገር ግን ጠፍቶብኛል።

የሃዋይ ሰዎች እንዲህ ያለውን ማጣት እንደ ሕዝብ ቀምሰውታል። ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1820 ከደረሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የአገሪቱ እንደራሴ የነበረችው ንግሥት ካአሁማኑ ክርስትናን ተቀብላ ስለነበር ሁላ በአደባባይ እንዳይጨፈር አዘዘች። ንጉሥ ዴቪድ ካላካዋ በ1883 የዘውድ በዓሉን ሲያከብር ግን ባለዜማዎችንና ጨፋሪዎችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠራ፤ ይህን የጠሉ ወገኖች የበዓሉን የጭፈራ ዝርዝር ያተመውን ሰው ሳይቀር በብልግና ከስሰው ፍርድ ቤት አቆሙት። ንጉሡ በ1891 ሞተ፣ መንግሥቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተገለበጠ። ለጭፈራው ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ግን በ1896 ይመስለኛል፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የትምህርት ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለደነገገ፣ የአያቱን ግጥም እየሰማ የማይረዳ ትውልድ አደገ። ቃሉ የጠፋበት እጅ ምን ያወራል? ሁላ ለብዙ ዘመን በሆቴል አዳራሽ የጎብኚ ማስደሰቻ ሆኖ መታየቱ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ውድድሩ የሚካሄድባት ሂሎ በሃዋይ በባሕር ዳርቻ ያለች ዝናባም ከተማ ናት። በ1960 ሱናሚ መትቷት በከተማዋ 61 ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋ እንድታንሠራራ ታስቦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተጀመረው በዓል፣ በዚያ በካላካዋ ቅጽል ስም ሜሪ ሞናርክ፣ ማለትም ደስተኛው ንጉሥ፣ ተባለ። የሁላ ውድድር የተጨመረበት በ1971 ሲሆን ወንዶች መወዳደር የጀመሩት በ1976 ነው። በዓሉ የሚጀምረው በምዕራባውያን የትንሣኤ እሑድ ነው።

ስለ ውድድሩ አሠራር አንድ ነገር በጥብቅ እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ቡድኖቹ የሜሌውን ቃል፣ ትርጉሙንና የአለባበሳቸውን ምክንያት ለዳኞች አስቀድመው በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ወደ መድረክ አገባባቸውና አወጣጣቸው ሳይቀር ይዳኛል። ስለዚህ መምህሩ፣ ኩሙ ሁላ የሚሉት፣ ተማሪዎቹን ለወራት ሲያዘጋጅ ከእግር ሥራው ጋር ቋንቋውንና ታሪኩን ያስጠናል፤ ግጥሙ ወደሚያወሳው ተራራ ወይም የባሕር ዳርቻ ይዟቸው የሚሄድም አለ። ኩሙ የሚለው ቃል መምህርም፣ ምንጭም፣ የዛፍ ግንድም ማለት ነው። ተማሪዎቹ አብዛኛዎቹ ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡ ናቸው፤ የጉዞውንና የልብሱን ወጪ ለመሸፈን ምግብ እየሸጡ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ቡድኖች ብዙ ናቸው።

የግጥሙ ጠባይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካኦና የሚሉት የተሰወረ ፍቺ አላቸው፤ አበባ ሲሉ የሚወደድ ሰው፣ ዝናብ ሲሉ ፍቅር ሊሆን ይችላል። የየአገሩ ዝናብ የየራሱ ስም ስላለው፣ የሂሎው ካኒሌሁዋ ሲጠራ አድማጩ ቦታውንም ነገሩንም አብሮ ያስባል። ሰምና ወርቅ በሚቆጠርበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የቅኔ ተማሪ ወርቁን ሳያገኝ መምህሩ እንደማያሳልፉት ሁሉ፣ እነርሱም ዘንድ ፍቺውን ያልያዘ ተማሪ ሙሉ ጨፋሪ አይባልም።

ጥንታዊውን ሁላ ሲጨፍሩ ራሳቸው ላይና አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን ቅጠልና አበባ ብዙዎቹ ከጫካ ራሳቸው ይለቅማሉ፤ ከመቁረጣቸው በፊት በዜማ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ይወስዳሉ። ሌሁዋ የሚባለውን ቀይ አበባ የሚያወጣው ኦሂያ የተሰኘ ዛፍ በፈንገስ በሽታ መሞት ሲጀምር፣ በሽታው እንዳይዛመት አበባውን ከመልቀም እንዲቆጠቡ ተጠየቁ። ሌሁዋ ለእሳተ ገሞራዋ አምላክ ለፔሌና ለእኅቷ ለሂኢያካ ታሪክ የቀረበ አበባ ነው፤ እርሱን መተው ለጨፋሪ ቀላል አይደለም። ሆኖም ብዙዎች ዛፉ እንዲተርፍ ሲሉ በሌላ አበባ ጨፈሩ። ይህን ሳነብ፣ ለጭብጨባ ብዬ ያሳጠርኋቸው ስንኞች አንድ በአንድ ታወሱኝ።

እናንተ የመረጣችሁትን ዘፈን ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያለውን ቃል እኔም አላውቀውም፤ ዘፈኑ በወጣበት አካባቢ ያደጉ አንድ አዛውንት ግን እዚሁ ከእናንተ ብዙ ሳይርቁ ይኖራሉ። የመጪው ቅዳሜ ልምምዳችሁ ቢቀር አልከፋም። ዳቦና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ የሚሉትንም ቅዱ።